ከእህቴ የምፋታበት ወረቀት

ጥቅምት 4 ቀን

ለእህቴ፣

“አመልካቹ ከባለቤታቸው ጋር በጋራ ብድር የገዙት መኖሪያ ቤት ያላቸው ሆኖ ስለተገኘ፣ የፍቺ ማስረጃ እስካላቀረቡ ድረስ የቤት ኪራይ ጥያቄያቸው ተቀባይነት የለውም።”

አንዲት ፊደል አልጨመርኩም፤ አልቀነስኩም። ዛሬ ጠዋት ከቤቶች ማኅበሩ የተሰጠኝ ደብዳቤ ነው። ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው፣ የኔ ሙሉ ስም አለበት። ቆሜ አነበብኩት። ተቀምጬ ደገምኩት። ከዚያ ወደ ጸሐፊዋ መስኮት ተመልሼ፣ “ይህ ደብዳቤ የሌላ ሰው ነው፤ እኔ በሕይወቴ አግብቼ አላውቅም” አልኳት። ጸሐፊዋ ኮምፒውተሯን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ኮምፒውተሯን አየች።

“ጋሼ፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው” አለችኝ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰውዬ ሳቁን መያዝ አቃተው።

“እሺ፣ ባለቤቴ ማን ናት ተባለ?”

ስክሪኑን ወደኔ አዞረችልኝ። ያንቺ ስም ነው።

እህቴ፣ ያንቺ ስም! የአባት ስም አንድ፣ የአያት ስም አንድ። ልጅቷም ልብ ብላው ኖሮ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ “የሥጋ ዘመድዎ ናቸው እንዴ?” አለችኝ፤ መጥፎ በሽታ እንደያዘው ሰው እያዘነችልኝ። “የእናቴ ልጅ ናት! የልደት ወረቀታችንን አመጣለሁ” አልኩ። “ዝምድና አልጠየቅንዎትም፤ የጠየቅንዎት ትዳር ነው” ብላ የሚቀጥለውን ሰው ጠራች።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት ያን ቤት ልትገዢ ስትነሺ የፋርማሲ ደሞዝሽ ብቻውን አልበቃ ስላለ፣ ስሜን ከስምሽ ጎን አስገባሁ። ለእህቱ የማያደርግ የለም፤ ውለታ ብዬ አላነሳውም። እዚያ ቤት ግን አንድ ቀን አድሬ አላውቅም። እኔ ትናንትም ተከራይ ነበርኩ፣ ዛሬም ተከራይ ነኝ፤ አሳንሰር በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ።

እማዬ ደረጃው ላይ ከወደቀች ጀምሮ መሬት አልረገጠችም። ፀሐይ የምታየው በመስኮት ነው፤ ያውም ከሰዓት በኋላ ብቻ። አሁን ከማኅበሩ በተራዬ የደረሰኝ ምድር ቤት ነው፤ ሁለት ክፍል፣ በሩ በቀጥታ ወደ ግቢው የሚከፈት። ስድስት ዓመት የጠበቅሁት ተራ ነው። እስከ ኅዳር 15 ካልተዋዋልኩ ለሚቀጥለው ሰው ይሰጣል።

ያልደወልኩልሽ የእማዬ ጆሮ እንደ ጉልበቷ ስላልደከመ ነው፤ የግድግዳችንን ስስነት ደግሞ ታውቂዋለሽ። መልስሽን በምሠራበት ማተሚያ ቤት አድራሻ ላኪልኝ። የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው፤ እኔን ባልሽ ያደረገኝ ማን ነው?

ወንድምሽ

—

ጥቅምት 10 ቀን

ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰነበትክ? እማዬስ እንዴት ናት? የላክሁላትን ቅባት ጉልበቷን ትቀባዋለች ወይስ እንደ ፊተኛው ለጎረቤት አደለችው? እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ጉንፋን ገብቶ ሰዉ ሁሉ ያስላል፤ ፋርማሲው ውስጥ ቁጭ ማለት የለም። መልስ ያዘገየሁት በዚህ ነው እንጂ በክፋት አይደለም፤ ይቅርታ አድርግልኝ።

ደብዳቤህን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅሁ። አትቆጣ። የጸሐፊዋን መልክ እና ያንተን መልክ ጎን ለጎን ሳስበው ነው። ከዚያ ግን ሳቄ ደረቀ። የማን ስህተት እንደሆነ ጠይቀኸኛል። የባንክ ሰዎችን ታውቃቸዋለህ፤ በቀን ስንት ሰው ያስተናግዳሉ፤ አንዱ ቦታ ሌላ ነገር ሞልተው ይሆናል። በሰፊው ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ፤ እባክህ ባንክ አትሂድ። እኔ እዚህ ሆኜ ቀስ ብዬ አስተካክለዋለሁ። አንተ ከሄድህ ነገሩ ይከራል። የሥራ ባልደረቦችህ “አራት ነጥብ” የሚሉህ በከንቱ አይደለም፤ አንዴ ከተናገርህ በኋላ ሌላው ሰው የሚጨምረው ነገር የለም። ለቤቶች ማኅበሩ ለጊዜው “ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው” በላቸው።

ለእማዬም እንዳትነግራት። ምን ብለን እናስረዳታለን?

ተከራዬ ደህና ነው፤ ሰላም ብሎሃል። የእማዬ ፍሪጅ ድምፁን ተወ ወይ እያለ ይጠይቃል። ካልተወ ባለፈው የቀየረላት ነገር አልያዘም ማለት ነው፤ ሲመቸው ብቅ ብሎ ያየዋል።

እህትህ

—

ጥቅምት 16 ቀን

ለእህቴ፣

ባንክ አትሂድ አልሽኝ። ሄድሁ።

“በሂደት ላይ ነው” በላቸው ያልሽኝን አልነገርኳቸውም። ምኑ ነው በሂደት ላይ ያለው? ፍቺያችን?

እዚህ ያለው ቅርንጫፍ ውስጥ የብድር ክፍሉ ኃላፊ ገና ጢሙ ያልጠነከረ፣ በጣም ትሁት ወጣት ነው። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። የብድሩን ቁጥር አስገብቶ ፈገግ አለ።

“ባለቤትዎ ደህና ናቸው?”

“ባለቤት የለኝም።”

ፈገግታው ጠፋ። “እግዚአብሔር ያጽናዎት። መቼ አረፉ?”

“አላረፈችም። እህቴ ናት።”

“ማን?”

“ባለቤቴ ያልካት!”

ወጣቱ እርሳሱን አስቀመጠ። አጠገቡ ያለችው ገንዘብ ቆጣሪ መቁጠር አቆመች። ከዚያ የሰማሁትን ልጻፍልሽ፤ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ሁለቴ አስደግሜዋለሁ።

ለብድሩ ኢንሹራንስ በየዓመቱ “ባለቤትዎ በሕይወት አሉ?” ተብለሽ ትጠየቂያለሽ። በየዓመቱ “አዎ” ብለሽ ፈርመሻል። ይህ አንድ። ሁለተኛውን ሲነግረኝ ወንበሩን በሁለት እጄ ይዤ ነበር፤ ከሦስት ዓመት በፊት ባንክ ሄደሽ የኔ ስም ወጥቶ “አዲሱ ባለቤቴ” ይግባ ብለሽ አመልክተሻል። የቀድሞውን የፍቺ ማስረጃ አምጪ ሲሉሽ ወጥተሽ አልተመለስሽም።

እንግዲህ የቀድሞው እኔ ነኝ።

አዲሱ ማን ነው? ከሦስት ዓመት በፊት ማለት እማዬን ልትጠይቂ መጥተሽ እዚች አልጋ ላይ አንድ ሳምንት የተኛሽበት ጊዜ ነው። ማታ ማታ ስታወሩ ሰምቻችኋለሁ። ስለ ጎረቤት ድመት አወራችሁ። ስለ መጋረጃ አወራችሁ። ባል አገባሁ የሚል ነገር ጆሮዬ አልገባም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። የማኅበሩን ደንብ አስወጥቼ አንብቤዋለሁ። የትዳር ጓደኛው ቤት ያለው ሰው አይከራይም። በዘመድ ብድር ላይ ስሙ ያለ፣ እዚያ ቤት የማይኖር ሰው ግን መከራየት ይችላል። የሚጠየቀው ዘመዱ “እንዲህ ያለ ዘመዴ ነው፤ አብሮኝ አይኖርም” ብሎ እንዲፈርምለት ብቻ ነው። ወንድሜ ነው ብለሽ አንድ መስመር ጻፊ፤ እማዬ ምድር ቤት ትገባለች። ከዚህ የቀለለ ነገር ካለ ንገሪኝ። ካልጻፍሽ ደግሞ ለምን እንደማትጽፊ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ስለ ፍሪጁ፦ ድምፁን ትቷል። ተከራይሽን አመስግኚው፤ እኛ ጉዳይ ውስጥ ግን አታስገቢው።

ወንድምሽ

—

ጥቅምት 23 ቀን

ለወንድም ጋሼ፣

አዎ፣ አግብቻለሁ። ሦስት ዓመት ሆነኝ። ማን እንደሆነ ጠይቀሃል። ተከራዩ ነው።

እንግዲህ ተቆጣ፤ እስክትጨርስ እጠብቅሃለሁ።

መጀመሪያ እውነትም ተከራይ ነበር። የኋላውን ክፍል ተከራይቶ ፍሪጅ ይጠግንበት ነበር። ኋላ ነው ነገሩ የሆነው። ለምን አልነገርሽንም ነው የምትለኝ። ለማን ልንገር? ወረቀት ላይ ባል ያለኝ ሴትዮ ሌላ ባል አገባሁ ልበል? አንተንስ ምን ልበልህ፤ “ወንድም ጋሼ፣ እባክህ ከባልነት ውረድልኝ”? አፌ ላይ ደርሶ ስንቴ ተመለሰ መሰለህ። ለእማዬ ላወራት ተነስቼ ነው ስለ ድመት ያወራሁት።

ባልሽ ያደረገኝ ማን ነው ላልከው ደግሞ መልሱን አትወደውም። “ባለቤት” የሚለውን ቃል ያስገባኸው አንተ ነህ። ረስተኸዋል፤ እኔ ግን አጠገብህ ተቀምጬ ነበር። የብድሩ ቅጽ ላይ በስምህ ትይዩ “ተባባሪ” የሚል ነበረ። አንተ ያንን ቀይ ብዕርህን ከኪስህ አወጣህ። “ተባባሪ የሚባለው በወንጀል ነው! ዕዳ የሚሸከም ሰው ባለቤት ነው” ብለህ ሰረዝከው፤ ከላዩ “ባለቤት” ብለህ ጻፍክ፤ ፈረምክበትም። ሥራህ ማረም ነውና ማን ይናገርሃል? የባንኳ ልጅ ቅጹን ተቀበለችህ። አንተ ውኃ ልትጠጣ ስትወጣ ወደኔ ዞራ “ባለቤት ናቸው?” አለችኝ። ቤቱ የሁለታችን ነው፤ “አዎ” አልኩ። ምን ዋሸሁ? ብድሩ ለባልና ሚስት በሚሰጠው ረጅም ጊዜ ወጣልን። ነገሩ የገባኝ በዓመቱ ነው፤ ያኔ ደግሞ ገብቼ መጋረጃ ሰቅዬ ነበር። “በሕይወት አሉ?” ሲሉኝስ ምን ልበል ነበር? አለህ አይደል እንዴ?

አሁን “ወንድሜ ነው” ብዬ ብጽፍ ግልባጩ ለባንኩ ይሄዳል። ባንኩ ብድሩን ወደ ተራ ብድር ያወርደዋል፤ የክፍያው ጊዜ ያጥራል። የባለቤቴ ሥራ ደሞዝ የሚባል ነገር የለውም፤ ፍሪጅ ሲበላሽ ይበላል፣ ካልተበላሸ እኔን ያያል። ቤቱ ከእጄ ሊወጣ ይችላል ወንድም ጋሼ።

ሌላ መንገድ ግን አለ። ጠበቃ አማክሬያለሁ። እንፋታ።

እስኪ ደብዳቤውን ሳትቀድ እስከ መጨረሻው አንብብ። የጋብቻ ማስረጃ ባይኖረንም የባንኩ ሰነድ ይበቃል ብሎኛል፤ ሁለታችንም ከፈረምን ነገሩ በሳምንት ያልቃል። አንተ የፍቺ ማስረጃህን ለማኅበሩ ትሰጣለህ፤ እማዬ ምድር ቤት ትገባለች። እኔ የባለቤቴን ስም በአንተ ቦታ አስገባለሁ፤ ለስም መተካት ባንኩ ሌላ ነገር አይጠይቅም። ማንም አይጎዳም። ጠበቃው ያዘጋጀውን አብሬ ልኬልሃለሁ፤ የምትፈርምበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጌበታለሁ። ወረቀት ነው እኮ። ወረቀት ብቻ።

እህትህ

—

ጥቅምት 30 ቀን

ለእህቴ፣

“ወረቀት ብቻ” አልሽ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንጀራዬን የበላሁት ከወረቀት ነው። የልጆች መማሪያ መጽሐፍ ላይ አንድ ቃል ቢዛነፍ ስንት ሺህ ልጅ ተዛንፎ እንደሚያድግ እያሰብሁ እንቅልፍ ያጣሁ ሰው ነኝ። ያን ቃል ስለማስገባቴ ጽፈሽልኛል፤ አዎ፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት። ቃሉ ትክክል ነበር። ዛሬም ትክክል ነው። ባለቤት ማለት የቤት ባለ መብት ማለት ነው፤ ሰዉ ባልና ሚስትን በአክብሮት በዚህ ስም ቢጠራ የኔ ጥፋት አይደለም። እኔ አንዴ ጻፍኩት። ሌላውን ትርጉም አውቀሽ በየዓመቱ የፈረምሽበት አንቺ ነሽ።

ጠበቃሽ የጻፈውን አነበብኩ። “ተጋቢዎቹ በትዳር አብረው ሲኖሩ በጠባይ ባለመጣጣማቸው” ይላል። ከዚህ ሁሉ እውነት የሆነው የጠባዩ ነገር ብቻ ነው። ዝቅ ብሎ “ልጆች፦ አልወለዱም” ይላል። እዚህ ቦታ ላይ ስደርስ ከወንበሬ ተነስቼ ወደ መጸዳጃ ቤት ሄድኩ፤ ፊቴን ታጠብኩ። ተመልሼ ወረቀቱን ኮቴ ኪስ ውስጥ አስገባሁት፤ ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ሰው እንዳያየው።

ያየችው እማዬ ናት። የኮቴ ቁልፍ ላልቶ ልትሰፋልኝ ስታነሳው አገኘችው። እኔ ሻይ አፈላ ነበር። መነጽሯን አድርጋ ጮክ ብላ እያነበበች፣ “አንተ ልጅ፣ ምን ዓይነት ሰው ነህ? በሃምሳ ሦስት ዓመትህ አገባህ ብዬ እልል ልል ስል ፍቺ ነው?” አለች። ከዚያ ስሙ ላይ ደረሰች። ድምፅዋ ተቋረጠ። ሻዩ ገንፍሎ እሳቱን አጠፋው፤ ሁለታችንም አልተነሳንም።

ሁሉንም ነገርኳት። ምን ላድርግ? አንዴ አንብባዋለች።

“ልጄን ለልጄ ድሬ፣ ሳልሰማ ልታፋቱብኝ?” አለች በመጨረሻ። “ያ ልጅስ?”

“የቱ ልጅ?”

“ተከራዩ ነዋ! ለአከራዩ እናት ፍሪጅ ሊጠግን ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ላይ ተቀምጦ የሚመጣ ተከራይ የት አገር አየህ? እኔ እኮ እስክትነግረኝ ነበር የጠበቅኋት።”

በማግስቱ አውርዱኝ ብላ ያዘች። እኔና ሦስተኛ ፎቅ የሚኖረው ሹፌር በወንበር ተሸክመን አወረድናት። በሱ መኪና ቀጥታ ወደ ቤቶች ማኅበሩ። መስኮቱ ለሷ ከፍ ስላለ ጸሐፊዋ ራሷን አውጥታ ቁልቁል ታያታለች።

“ልጄ፣ ይሄን የማይስቅ ሰውዬ የወለድኩት እኔ ነኝ። ያቺንም የወለድኩት እኔ ነኝ። ሁለቱም እዚህ ነበሩ” አለች ሆዷን በመዳፏ እየመታች። “የቱን ከየቱ ላፋታ?”

ጸሐፊዋ ከወንበሯ ተነሳች። ፊቷ ቀላ፤ ይቅርታ ጠየቀች፤ አለቃዋን ጠራች። አለቃዋም እማዬን እጅ ነስቶ ሰማት። የእናት ምስክርነት ግን ደንቡ ላይ የለም። ብድሩ ላይ ያለችው ሰው ራሷ መጻፍ አለባት። አንቺ።

ስንመለስ ሹፌሩ በምድር ቤቱ በኩል አሳለፈን። ባዶ ነው፤ ቁልፉ በጥበቃው እጅ ስለሆነ እማዬ በመስኮት ብቻ ነው ያየችው። ከዚያ ደጃፉ ላይ፣ ግቢው ውስጥ አስቀምጡኝ አለችን። ጫማዋን አውልቃ እግሯን ፀሐይ ላይ ዘረጋች፤ ዓይኗን ጨፈነች። እንሂድ ስላት አልሰማ አለችኝ። ሹፌሩ ሥራ ረፍዶበት እንኳ አልተናገራትም።

መውጣቱ ከመውረዱ ከበደ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ አሳርፈናት ትንፋሻችንን ስንሰበስብ እጄን ያዘችኝ። “ያን ነገር እንዳትፈርም። ስምህን ከእህትህ ጋር እንደዚያ አድርገህ እንዳትጽፍ። እኔን መስኮቱ ይበቃኛል” አለችኝ።

አይበቃትም። ግቢው ውስጥ ስትቀመጥ አይቻታለሁ።

ስለዚህ የፍቺውን ወረቀት አልፈርምም። መልሼ ልኬልሻለሁ፤ በቀይ አላረምኩትም፤ የሚታረም ነገር የለውም።

ቤቴን ላጣ ነው ላልሽው፣ ትናንት እንደገና ወደዚያ ወጣት የባንክ ኃላፊ ሄጄ ነበር። እውነቱ ከተጻፈ ብድሩ ወደ ተራ ይወርዳል፤ ልክ ነሽ። ግን የኔ ደሞዝ እዚያው ላይ ከቆየ፣ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ባለው ጊዜ ተከፍሎ እንዲያልቅ ሊያዋውሉን ይችላሉ። ወርሃዊው ከፍ ይላል። ይህን ባልሽ ይሸከም፤ እውነተኛ ተከራይ ቢሆን ኖሮ ኪራይ ይከፍል አልነበር? እኔ ስሜን አላወጣም። ልትገፊኝ ብትፈልጊ እንኳ አልወጣም። በስሜ ትይዩ “ተባባሪ” ብለው ይጻፉ። ቃሉ ዛሬም ያመኛል፤ ግን እፈርማለሁ። ከዚህ በላይ ምን እንድሰጥሽ እንደምትፈልጊ አላውቅም።

አንቺ ደግሞ ይህን ጻፊ፦ ወንድሜ ነው፤ አብሮኝ አይኖርም፤ አብሮኝ ኖሮም አያውቅም። ከሥሩ ፈርሚ። ግልባጩን ለባንኩ አንቺው ራስሽ ስጪ፤ ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት። ደብዳቤው ከዚያ እዚህ ለመድረስ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ሁለታችንም እናውቃለን፤ የማኅበሩ ቀን ኅዳር 15 ነው፤ ከዚያ በኋላ ክፍሎቹ የሌላ ሰው ናቸው።

ስልክ አልቀበልም። በሰው አፍ የሚላክ ሰላምታም አልቀበልም። ስለ ጉንፋንና ስለ ቅባት ያለውን ዝለይው። እናትሽ መስኮቱ ጋ ተቀምጣለች። መልስሽ እስከ ኅዳር 12 ቀን፣ በጽሑፍ፣ በፊርማሽ፣ እጄ ይግባ።

ወንድምሽ